የሜዳው ጎረቤት

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መጠጥ ቤት ነው። ይህን ገና ከአፌ ሳወጣ ከፊት ወንበር ሁለት ሦስት ሰዎች ፊታቸውን ሲያጠቁሩ አይቻለሁ፤ አልፈርድባቸውም። መጠጥ ስንቱን ትዳር እንደፈታ፣ የስንቱን ደመወዝ ከቤት ሳይገባ እንዳስቀረ እዚህ ያለነው ሁላችንም እናውቃለን። ላሞግሰው አልመጣሁም። ታሪኩን ልናገር ነው የመጣሁት፤ ያውም የየትኛውንም መጠጥ ቤት ሳይሆን፣ የኳስ ሜዳ አጥር ተደግፎ የሚቆመውን የዚያን ቤት።

ቤቱን ታውቁታላችሁ። ከሆለታ ተነሥታችሁ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አድርጋችሁ እስከ ባኮ ብትወርዱ ሜዳ የሌለው ከተማ አይገጥማችሁም፤ ሜዳ ካለም ከጎኑ ጉሮሮ የሚያርስ ቤት አይጠፋም። ድሮ ምልክቱ በረጅም እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ነበር። ጽሑፍ አያስፈልገውም፤ ጣሳውን ያየ መንገደኛ ጠላ መድረሱን ያውቃል። ዛሬ ጣሳው ወርዶ የቢራ ስም የታተመበት ጃንጥላ ወጥቷል፤ ጣሪያው ላይም የዲሽ ሳህን ተሰቅሏል። ቤቱ ግን ያው ቤት ነው፤ ደንበኛውም ያው፤ ላቡ ያልደረቀ ተጫዋች፣ ድምፁ የተዘጋ ደጋፊ፣ ጨዋታውን ሳያይ ስለ ጨዋታው አብዝቶ የሚከራከር አንድ ሽማግሌ።

አንድ ቃል ላስቀድም። ዋንጫ። የአሥር ዓመት ልጅን «ዋንጫ ሣል» ብትሉት ሁለት ጆሮ ያለው፣ የሚያብለጨልጭ፣ አምበሉ ከፍ አድርጎ የሚያነሣውን ነገር ይሥልላችኋል። አያቱን ብትጠይቁ ግን ቀንድ ነው የሚሥሉት፤ ተፍቆና ተወልውሎ ጠላና ጠጅ የሚጠጣበት ቀንድ። በኦሮምኛውም ያው ዋንጫ ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ላይ ጠብ የላቸውም። እንግሊዞችም ለመጠጫውና ለሽልማቱ አንድ ቃል ነው ያላቸውና፣ ትርጉሙን ከነሱ ቀዳን የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ይሁን። እኔን የሚገርመኝ ግን ዋንጫው ከዚያ ቤት ወጥቶ ሜዳ ሲገባ ልብ ያለው ሰው አለመኖሩ ነው። ሜዳው ዋንጫውን ወሰደ፤ ቤቱን ረሳው። የዛሬው ወሬዬ ይኸው ነው።

ሜዳና መጠጥ የተዋወቁት ኳስ አገራችን ከመግባቱ በፊት ነው። የሸዋ ፈረሰኛ በጥምቀትና በመስቀል ጉግስ ሲጋልብ ውሎ ማታ የሚገባው ግብር ወዳለበት አዳራሽ ነበር። ገናም እንደዚሁ ነው፤ እሩሩ ሲለጋ ውሎ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያሸነፈው ወገን እየጨፈረ ወደ ባላባቱ ደጅ ይሄዳል። በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን በቀልድ ቢሸነቁጠው አይያዝበትም። ግን ልብ በሉ፤ በግብሩ ላይ ጠጁ የሚወርደው በማዕረግ ነበር። ማን ጠጅ፣ ማን ጠላ፣ ማን ደግሞ የጠላ ቅራሪ እንደሚደርሰው የታወቀ ነው። ከተማና ገንዘብ መጡና ይህንን ሥርዓት አፈረሱት። በብርሌ የሚቀዳው ጠጅ ሳንቲም ለያዘ ሁሉ ተቀዳ። ግብር መግቢያ ያልነበረው ሰው ጠጅ ቤት ገባ።

እስቲ እንግዲህ ልጠይቃችሁ፤ እነዚህን ከተሞቻችንን ማን ቆረቆራቸው? የታሪክ መጽሐፉ ንጉሥና ደጃዝማች ይጠራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው እንደነበር ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ነበርና። ኋላ ባሕር ዛፍ ደረሰላትና ዳነች፤ አዲስ ዓለምም ማርያሟንና መንገዷን ይዛ ቀረች። ያ መንገድ በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ የሠረገላ መንገዶች አንዱ ነው። መንገድ ሲመጣ አብሮ ሠራተኛ ይመጣል፤ ሠራተኛው ገና ድንኳኑን ሳይተክል ደግሞ ጋን ያዘለች ሴት ትደርሳለች።

ይቺን ሴት አማርኛ ኮማሪት ይላታል። ቃሉ ዛሬ ስድብ ቢጤ ሆኗል፤ የኛ ጥፋት ነው። ባሏ የሞተባት፣ የፈታች፣ ከወንድሞቿ መሬት ያልደረሳት፣ ወይም የሰጧትን ባል አልፈልግም ብላ የወጣች ናት። ከተማ ስትገባ መሬት የላትም፣ ከብት የላትም፣ ደብዳቤ ጽፎ የሚያስቀጥራት ዘመድ የላትም። ያላት አንድ ሙያ ነው። ጌሾ ትወቅጣለች፣ ብቅል ታበቅላለች፣ አሻሮ ትቆላለች፣ እንኩሮ ታነኩራለች። ጥንስሱ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ ድፍድፉ መቼ እንደሚቀጥን በአፍንጫዋ ታውቀዋለች። ቁሱም ከዚሁ ከአካባቢው ነው፤ ገብሱ ከጄልዱ ደጋ፣ በቆሎው ከባኮ ቆላማ ማሳ፣ ማሩ ከየጓሮው ቀፎ። የአገሪቱ የንብ ምርምር ማዕከል ሆለታ ላይ፣ ስሟ ላይ ባኮን የተሸከመችው ዲቃላ በቆሎ የምትፈልቅበት ጣቢያም ባኮ ላይ የተተከሉት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ምሁራኑ በነጭ ካፖርት የሚያጠኑትን እሷ በነጠላ ስታጠናው ኖራለች።

ቤቷን ከሜዳ አጠገብ ለምን መረጠች? አንደኛ፣ ርካሽ ስለሆነ ነው። የሜዳ ዳር ቦታ አቧራ ነው፣ ጫጫታ ነው፤ ባለጸጋ አይፈልገውም። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ይጥመኛል። ጠላ በአንድ ጀምበር አይደርስም። ለእሑድ ግጥሚያ የሚጠጣው ጠላ ከሳምንት በፊት መጠንሰስ አለበት። ስለዚህ ማን ከማን እንደሚጋጠም፣ የጉደር ልጆች መቼ እንደሚመጡ፣ ፍጻሜው በየትኛው እሑድ እንደሚውል ከዳኛውና ከመምህሩ ቀድማ ማወቅ ግዷ ነው። የውድድሩን መርሐ ግብር በወረቀት የያዘ ላይኖር ይችላል፤ በጋን የያዘች ግን ነበረች። ጨዋታው ቢሠረዝ የሚጎዳው ማን ነው? ተጫዋቹ ቤቱ ሄዶ ይተኛል። እሷ ሦስት ጋን ጠላ ይቆመጥጥባታል። የስፖርት ስፖንሰር የምትሉት ይህን ካልሆነ ምን እንደሆነ ንገሩኝ።

ወደ አምቦ ልምጣ። የዚህች ከተማ ስም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ነበር። ስሙን ያስገኘው ውኃዋ ነው፤ ፍል ውኃውና ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ አገር የዞረው ማዕድን ውኃ። በመላ ኢትዮጵያ፣ በየመጠጥ ቤቱ፣ አሳላፊው «አምቦ ስጠኝ» ሲባል ስለ ከተማችን ማንም አያስብም፤ ጠርሙስ ብቻ ነው የሚያስበው። ቅር ይበለን አይበለን አላውቅም። እኔ ግን ለአምቦ ውኃ ሌላ ውለታ እቆጥርለታለሁ። የማይጠጣው ሰው መጠጥ ቤት እንዲቀመጥ ፈቃድ የሰጠው እሱ ነው። ጿሚው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው፣ ሐኪም የከለከለው፣ መኪና የሚነዳው ሁሉ አንድ አምቦ ፊቱ አስቀምጦ ጨዋታ ያዳምጣል። ጠርሙሱ ከቢራው ጎን ሲቆም ያስከብራል፤ ማንም «ለምን አትጠጣም?» ብሎ አይጨቀጭቀውም። ሜዳ ውስጥ ተመልካች የሁሉ እምነት ሰው ነው፤ ሜዳው ሲበተን ያ ሁሉ ሰው አንድ ቤት እንዲገባ ያስቻለው ይህ የጋዝ ውኃ ነው።

ከአምቦ ጉደር 12 ኪሎ ሜትር ነው። በካርታ ላይ ማለቴ ነው። በመጠጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ ጎረቤት ሳይሆኑ አንድ ናቸው፤ ቀዩ ወይን የጉደርን ስም ይዟል፤ ጠጪው ደግሞ ከአምቦ ውኃ ጋር ቀላቅሎ ይጠጣዋል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው እዚሁ አካባቢ፣ ቦዳ ነው፤ በብላቴናነቱ የጻፈው ቴአትር በንጉሠ ነገሥቱ ፊት መታየቱ ይነገርለታል። ለአምቦ ልጅ ከዚያ በኋላ ብዕርና መድረክ ሩቅ ነገር አልሆነም። ግን ስለ ኮማሪቷ እስካሁን የሚበቃውን ያህል ተጽፏል አልልም።

ኳስን ለየከተማው ያመጣው ተማሪ ቤት ነው። እዚህ አምቦ በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ ያለንበት ዩኒቨርሲቲ አያት፣ ከየአውራጃው ልጆች ሰብስቦ አንድ ግቢ አኖረ። አዳሪ ተማሪ ከሰዓት በኋላ ምን ይሠራል? ይራገጣል። ከዚያ ወዲህ በብዙ ከተሞቻችን ኳስ ሜዳ ማለት የተማሪ ቤቱ ሜዳ ማለት ሆነ። ይህን ያዙልኝ፤ ጊንጪ ስንደርስ ያስፈልገናል።

አሁን ለአፍታ አዲስ አበባ እንግባ። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጣልያን እየገሰገሰ ሳለ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የአራዳ ልጆችን ሰብስበው ቅዱስ ጊዮርጊስን መሠረቱ። ስሙ የሰፈሩ ነው፤ አራዳ ጊዮርጊስ። ወረራው ሲጸና ጣልያኖች ስሙን ለውጠው «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሉት። ውቤ ሰፈር የደጃዝማች ውቤ አትናፍ ሰገድ ሰፈር ነው፤ በኋላ ዘመን ውቤ በረሃ ተብሎ በአዝማሪውና በመጠጥ ቤቱ ገናና የሆነው። እንግዲህ የአገሪቱ አንጋፋ ክለብ፣ በግድም ቢሆን፣ በአገሪቱ ገናና የመጠጥ ሰፈር ስም የተጠራበት ዘመን አለ። የቢራ ፋብሪካው ደግሞ ከክለቡ ቀድሞ በ1915 ዓ.ም. ተከፍቶ በዚያው ቅዱስ ስም ይጠራ ነበር። ቢራውና ክለቡ የተጋቡት በኋላ ነው፤ ስማቸው ግን ከልጅነታቸው አንድ ነበር። በተቃራኒው ወገን ማን ቆመ? ኢትዮጵያ ቡና። ቢራና ቡና! በዚህ ላይ በአገራችን ቢራ የሚጠጣበት ቤት «ቡና ቤት» ተብሎ መጠራቱን ስጨምርበት፣ ለውጭ አገር ሰው የአዲስ አበባን ደርቢ ማስረዳት አቅቶኝ ትቼዋለሁ።

በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው ሻምፒዮና ከጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉት የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ጦር ተልእኮ ቡድን ነበሩ፤ ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ከእነዚህ ማኅበረሰቦች አንድ ነገር ተምረናል፤ ክበብ ማለት ሜዳና ምግብ ቤት በአንድ አጥር ውስጥ ማለት ነው። የጣልያኖቹ ጁቬንቱስ ክበብ እንዲህ ያለ ቤት ነው፤ በአንድ በር ገብተህ ትጫወታለህ፣ ትበላለህ፣ ትጠጣለህ። የኛዋ ኮማሪት ግን ከአጥሩ ውጪ ነበረች።

ይህ ልዩነት ትንሽ እንዳይመስላችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሊቨርፑል ደጋፊዎች እንዳሉ ከማሊያቸው አይቻለሁ። ክለባችሁ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ሊቨርፑል ከተማ ውስጥ ጆን ሆልዲንግ የሚባል ቢራ ጠማቂ ነበር። አንፊልድ ላይ በዚያ ጊዜ የሚጫወተው ኤቨርተን ነው፤ ተጫዋቾቹ ልብስ የሚቀይሩት ከሜዳው አጠገብ ሳንደን በሚባለው የሆልዲንግ መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። በኪራይና በሌላም ነገር ተጣሉና እ.ኤ.አ. በ1892 ኤቨርተን ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ሰውዬው ባዶ ሜዳ ታቅፎ ቀረ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አዲስ ቡድን አቋቋመ። ያ ቡድን ሊቨርፑል ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበርም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1863 የተመሠረተው ለንደን ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው ነው። ሆልዲንግ ክለብ ማቋቋም የቻለው መሬቱ በእጁ ስለነበር ነው። የኛዋ ጠማቂ የነበራት ጋኗ ነው። ሜዳው የመንግሥት፣ ቤቱ የባለርስት፣ በኋላም የቀበሌ። ለዚህ ነው በስሟ የተጠራ ክለብ የሌለው። በስሟ የሚጠራ ቤት ግን ሞልቷል፤ ሰሌዳ ሳይሰቀልበት «እገሊት ቤት» እየተባለ ሦስት ትውልድ የተቀጣጠረበት።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ያው ግብፅን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ጌታ ለሎሌው ዋንጫ ሲሰጥ የኖረበት አገር ነውና ሥርዓቱ እንግዳ አልነበረም፤ ልዩነቱ ዋንጫው ባዶ መሆኑ ብቻ ነው። ለክፍለ ሀገር ሰው ሜዳው ሩቅ ነበር። ቅርብ የነበረው ሬድዮ ነው፤ ሬድዮ ያለው ደግሞ መጠጥ ቤቱ። በ1980 ዓ.ም. ከዚምባብዌ ጋር በተደረገው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ መለያ ምቱን ደምሴ ዳምጤ ሲያስተላልፍ ያልሰማ የዚያ ዘመን ሰው የለም። ማን የት ሆኖ እንደሰማው ጠይቁ። ከአሥሩ ሰባቱ የመጠጥ ቤት ስም ይነግራችኋል ብዬ ብወራረድ አልከስርም።

ደርግን ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ግን ለዚህ ታሪክ ትልቅ ሰው ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወረሰ። የሜዳ ዳሯ ቤት ባለቤቷ ተለወጠ፤ ኮማሪቷ ኪራዩን ለቀበሌ መክፈል ጀመረች። ቀጥሎ ቀበሌው ራሱ ጠማቂ ባይሆንም ሻጭ ሆነና ተወዳዳሪ መጣባት፤ የቀበሌ መዝናኛ። በአንድ ግቢ መረብ ኳሱ፣ ጠረጴዛ ቴኒሱ፣ ከረንቦላው፣ ጆተኒው፣ በዝቅተኛ ዋጋ ቢራው። አርመኖቹና ግሪኮቹ ለራሳቸው የሠሩትን ክበብ ደርግ ለሠፊው ሕዝብ ሠራው ማለት ይቻላል፤ ይህን ስል የሚቆጣኝ እንዳለ አውቃለሁ። ስብሰባውም እዚያው ነበር፤ ሰው እየጠጣ ሳለ ማን ምን እንዳለ የሚያዳምጥ ጆሮም እዚያው። ሰዓት እላፊ ደግሞ ነበር። የጨዋታው ወሬ ከመጣፈጡ በፊት ሁሉም ወደየቤቱ መሮጥ ነበረበት፤ ያመለጠው እዚያው በሩን ዘግቶ ያድራል። አንዳንዱ ሆነ ብሎ ያመልጠው ነበር።

ጊንጪ። ኅዳር 2008 ዓ.ም. የተማሪዎች መጫወቻ ሜዳና የጭልሞ ደን ጉዳይ ጊንጪ ላይ ተማሪዎችን አደባባይ አወጣ። ሜዳው ለሌላ ጉዳይ ሊውል ነው፣ ደኑም ለኢንቨስትመንት ሊመነጠር ነው ተብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ ላለ ሰው አልተርክም፤ ከእናንተ መካከል የከፈላችሁበት አላችሁ። ያ ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳርሶ አገር ለወጠ። እኔ የማነሣው ከፖለቲከኞቹ ትንተና ውስጥ የጠፋችውን አንዲት ነገር ነው፤ መነሻው ሜዳ ነበር። መሬት ብቻ ቢሆን ወረቀት ያለው ይጮኻል፣ ሌላው ያዝናል። ሜዳ ግን ወረቀት የለውም፤ ባለቤቱ በላዩ የሮጠ ሁሉ ነው። እናት ልጇን የምትጠራበት፣ ከብት የሚያልፍበት፣ እሑድ ከተማው ሁሉ የሚቆምበት፣ ከዳሩም ያ ቤት ያለበት ነው። የጠጪ ሁሉ ወሬ የዚያ ሜዳ ወሬ ነው። ሜዳ ሲነካ ስንት ሰው እንደሚነካ ፕላን ቢሮ የተቀመጠ ሰው ከካርታው ሊያነበው አይችልም፤ ካርታው ላይ ክፍት ቦታ ነውና።

በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ቀን፣ ከጊንጪ ብዙ በማይርቀው በጄልዱ የተወለደው ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ በማራቶን ሁለተኛ ሲገባ፣ 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ሮጦ፣ እጆቹን በተቃውሞው ምልክት ከራሱ በላይ አጣምሮ መስመሩን አለፈ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ የድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ አስከሬን በፈረሰኞች ታጅቦ እዚሁ አምቦ ስታዲየም ገባ። ዘፈኑ የሚሰማው በየመጠጥ ቤቱ ነበር፤ ስንብቱ ግን ሜዳ ላይ ሆነ። ፈረሰኞቹን ሳይ ስለ ጉግሱ አሰብኩ። ሜዳ አሮጌ ልማዱን አይረሳም።

ስለ ዛሬው ብዙ አልልም፤ ታዩታላችሁ። ሜዳው ወደ ቤቱ ውስጥ ገብቷል። ቅዳሜ ከሰዓት እውነተኛው ሜዳ ላይ ሃያ ሁለት ልጆች አቧራ ለብሰው ሲጫወቱ፣ ከአጥሩ ማዶ ሁለት መቶ ሰው ጀርባውን ሰጥቷቸው አርሴናልን በስክሪን ያያል። ድራፍቱ ይወርዳል፣ ጃምቦው ይጋጫል። ሐረር ቢራ፣ ሜታ አቦ፣ ዳሽን ቢራ እየተባሉ በቢራ ስም የሚጠሩ ቡድኖች በሊጋችን የተጫወቱበት ዘመን አልፏል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬድዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ መሸጥንም ከለከለ። መልካም አዋጅ ነው፤ ስንት ዳኛ ከመጠጥ ቤቱ በር ቆሞ የልደት ወረቀት እንደሚጠይቅ ባላውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ብዙ የአራዳ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ክለቡ አለ። የተወለደበት ሰፈር የለም።

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ልውረድ። በዚሁ መንገድ ካሉት ከተሞች በአንዷ ሳድግ፣ ቤቷ ሜዳ ዳር የሆነ አንዲት ጠላ ሻጭ ነበረች። ልጆች ሁላችን አዴ ነበር የምንላት። ኳሳችን አጥሯን ዘሎ ጓሮዋ ሲገባ ለመጠየቅ ዕጣ እንጣጣል ነበር። አንድ ቀን ጥንስሱ ላይ አረፈ።

«አዴ፣ ኳሳችንን ስጪን።»

«ኳሳችሁን? ጥንስሴንስ ማን ይሰጠኛል?»

ሰጠችን። ግን ቅጣት አለው፤ ቤቷን ስትለቀልቅ እንድናግዛት። ማንበብና መጻፍ አታውቅም፤ ዱቤውን ሁሉ የምትይዘው ግድግዳ ላይ በከሰል ነበር። ለአንድ ጣሳ አንድ ሰረዝ። እያንዳንዱ ደንበኛ ቦታ አለው፤ አናጺው በበሩ በኩል፣ መምህሩ በመስኮቱ ሥር፣ ተጫዋቾቹ ደግሞ ምሰሶው አጠገብ። በተጫዋቾቹ ሰረዞች መካከል ሌላ ዓይነት ምልክትም ነበር፤ ክብ ክብ። ጎል ነው። የእሑዱን ውጤት ከዱቤው ጋር አብራ ትይዘው ነበር፤ ማን ደስ ብሎት እንደጠጣ፣ ማን ከፍቶት እንደጠጣ ለማወቅ ይሁን ለሌላ፣ ጠይቄያት አላውቅም። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ዕዳውን ትሰበስብና ግድግዳው በጭቃና በእበት ይለቀለቃል፤ ያ ሁሉ ይጠፋል፤ መስከረም አዲስ ግድግዳ ይጀምራል። የከተማችን የኳስ መዝገብ እንግዲህ በየጳጉሜን ሲለቀለቅ የኖረ መዝገብ ነው።

ኳሳችን ጥንስሱ ላይ ባረፈበት በዚያ ዓመት ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ከተጫዋቾቹ ሁለቱ ሄደው ነበር። እኛ ጭቃውን ይዘን ከበሩ ጀመርን፤ አናጺውን ለቀለቅን፣ መምህሩን ለቀለቅን፣ ወደ ምሰሶው ደረስን። አንዱን ለቀለቅነው። ሁለተኛው ጋ ስንደርስ እጄን ያዘችኝ።

«ይህቺን ተዋት» አለች። «እሱ አልከፈለም።»

መዳፍ የምታክል ቦታ ነበረች። ሰባት ሰረዝና አንድ ክብ። በቀጣዩ ዓመትም ለቀለቅን፤ በዚያችም ዙሪያ ዞርን።